ስም የማይጠራበት ሙዚቃ ቤት

የጋሽ ቱፋን ሞት ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ትምህርት ቤት ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ እያለሁ ስልኬ ጮኸ፤ በዕድራችን ግሩፕ ላይ አቶ ቱፋ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም በማግሥቱ መሆኑን የሚናገር መልእክት ነበር። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት በልቤ ያልኩት «ዕቃዬስ?» ነው። ሰው እንዲህ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ሰው እንዲህ አይደለም። እኔ ነኝ እንዲህ የሆንኩት።

ስሜን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ኋላ ላይ ይገባችኋል። አዳማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ፤ ወላጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው ሰላም የሚሉኝ፣ ከዕድሩም ከሽምግልናውም የማልታጣ ሰው ነኝ ብል ይበቃል።

ጋሽ ቱፋ ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። በካሴት ዘመን ካሴት ሸጠዋል፤ ሲዲ ሲመጣ ሲዲ ሸጠዋል፤ በኋላ ደግሞ የባጃጅና የሚኒባስ ሾፌሮች ፍላሽ እያመጡ ዘፈን ያስሞሉ ጀመር። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም ሙዚቃ ቤት ነው። የእሳቸውን ቤት ልዩ የሚያደርገው ከባንኮኒው ኋላ ያለው መደርደሪያ ነበር። መጀመሪያ የገባ ሰው ቁራሌው ቤት የገባ ይመስለዋል። ያረጀ ጓጉንቸር፣ የሹራብ ቁልፍ፣ የጋሪ ፈረስ ቃጭል፣ የሕፃን አንድ እግር ጫማ፣ የሽንኩርት ጆንያ የታሰረበት ገመድ፣ እጀታው የተሰበረ ማማሰያ። አቧራ ግን የለባቸውም። ጋሽ ቱፋ በየጠዋቱ አንድ በአንድ ያብሷቸው ነበር።

እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሳንቲም የምታህል ስስ ተለጣፊ አለች። የሆቴል በር የሚከፍቱት ካርዶች ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው ውስጧ ያለው። ጋሽ ቱፋ ከሱቁ ሌላ የአንድ ሆቴል ኤሌክትሪሺያን ሆነው ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ሆቴሉ የበሮቹን ቁልፍ ሲቀይር አሮጌውን ማንበቢያ ለምነው ወሰዱና በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተው ከኮምፒውተራቸው ጋር አገናኙት። ዕቃህን ከመደርደሪያው አንስተህ ሣጥኑ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ኮምፒውተሩ የዚያን ዕቃ ዘፈን ያጫውታል። ስታነሳው ይቆማል። የዘፋኝ ስም መጥራት፣ ርዕስ መፈለግ፣ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ የለም።

«ስም አትጥሩብኝ!» ነበር የሚሉት፣ አንዱ ገብቶ የእንትናን ዘፈን ሲል። «ስም ጠርቶ ዘፈን የሚጠይቅ ሰው ለጎረቤቱ የሚያምርለትን ነው የሚጠይቀው። እኔ የምፈልገው የራሱን ነው።»

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጥቁር በለበሰች ነጋዴ ሴት መሆኑን አንድ ቀን አጫውተውኛል። ባሏ ሞቶባት ዓመቱ ገና አልወጣም። ሱቁ ትመጣለች፤ ልትናገር ስትል ሌላ ደንበኛ ይገባል፤ ድምጿን ቀይራ «መዝሙር አለ?» ትላለች። ጋሽ ቱፋ መዝሙር ይሰጧታል። ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትመጣለች፤ አሁንም ሰው ይገባል፤ አሁንም መዝሙር።

«ሴትዮዋ በሰው ምክንያት የመዝሙር ሀብታም ሆነች» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። «የምትፈልገው ሠርጓ ላይ የተዘፈነውን ነበር። ጥቁር ለብሳ የሠርግ ዘፈን ስጠኝ እንዴት ትበል? በመጨረሻ ከሹራብሽ ላይ አንድ ቁልፍ በጥሰሽ ስጪኝ አልኳት። በፈለግሽ ሰዓት ግቢ፣ ቁልፉን አስቀምጪ፣ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫውን አድርጊ፤ ማንም ምንም አይልሽም።»

ከዚያ ወዲህ ወሬው በሹክሹክታ ተዳረሰ። በከተማው ውስጥ አንድ ዘፈን ለመስማት የሚያፍር ሰው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ይዞ መጣ። ዕቃዎቹን ወደ ቤት የሚወስዱ ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቻችን እዚያው እንተዋቸው ነበር። የቤታችን ሰው «ይሄ ምንድነው?» ብሎ እንዳይጠይቀን።

ጋሽ ቱፋ ትሑት ሰው አልነበሩም፤ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ከመቃብራቸው ተነስተው ይቆጡኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥም ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ማኪያቶ አዝዘው ወተቱ በዝቷል ብለው ይመልሳሉ፤ ተስተካክሎ ሲመጣ ቀዝቅዟል ብለው ይመልሳሉ። ለአማርኛ ተናጋሪው በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪው በአማርኛ ይቀልዳሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ዕቃውን ሣጥኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ሌላ ሰው ይሆናሉ። ማዳመጫውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጥርግ ጥርግ አድርገው ያቀብሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ግድግዳው ሥር ሁልጊዜ ተፈታትቶ የተቀመጠ ሬዲዮ ነበር፤ ሰው ዘፈኑን እስኪጨርስ እሱን ይነካካሉ። ያ ሬዲዮ ዕድሜ ልኩን ሲጠገን ኖረ።

አንድ ቅዳሜ ከመቂ የመጣ የሽንኩርት ደላላ ገመዱን ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ከጭነት መኪና ጡሩንባ አያንስም። እህቱ ስትዳር ሴቶች የዘፈኑላትን በስልክ ቀድቶት ነበርና እሷ ከሞተች ወዲህ የሚሰማው እዚያ ቤት ብቻ ነው። እንባው እየወረደ ጺሙ ውስጥ ገባ። ፍላሽ የሚያስሞላ አንድ የባጃጅ ሾፌር ይህን አየና «ኧረ ሰውዬው አለቀሰ!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ቱፋ ሳይዞሩ እጃቸውን ሰደው የልጁን ፍላሽ መሀል ላይ ነቀሉት።

«ሂድ፣ ሌላ ቦታ አስሞላ።»

«ጋሼ ምን አጠፋሁ? ስቀልድ እኮ ነው።»

«ሂድ አልኩህ! አንተም ቀንህ ሲደርስ ትመጣለህ።»

ልጁ እየተራገመ ወጣ። ከጊዜ በኋላ የተሰበረ የባጃጅ መስተዋት ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ አይቼዋለሁ። ጋሽ ቱፋ ማዳመጫውን ጠረጉለት።

አሁን ወደ ራሴ መምጣቴ ግድ ነው።

እናቴ ሞጆ ውስጥ የጭነት መኪናዎች በሚያድሩበት ሠፈር በአንድ ቡና ቤት ትዘፍን ነበር። ቢራም ታቀርባለች፤ ጠረጴዛም ታጸዳለች፤ ሲመሽ ትዘፍናለች። ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛው ያ ዘፈን ነው። ገና ልጅ እያለሁ ሞተች። ከአክስቴ እጅ የደረሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንድ ሾፌር በቴፕ የቀዳት ካሴትና የቢራ መክፈቻዋ። መክፈቻው የብረት ነው፤ መዳፏን እንዳይቆርጣት እጀታውን በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምጥማዋለች።

ባለቤቴን ትዕግሥትን ሳገባ ሽማግሌዎቹ «እናቱስ?» ብለው ጠየቁ። ቤተሰቦቿ ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ዘር እስከ ላይ ድረስ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። «የቤት እመቤት ነበረች፤ በልጅነቴ ሞተች» አልኩ። ሁለተኛው እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ትዕግሥትም ልጆቼም ያችኑ የቤት እመቤት ያውቋታል፤ ለነፍሷ ጸበል ጸዲቅም አውጥተንላታል።

ካሴቱን ለጋሽ ቱፋ የወሰድኩት ሊበጠስ እንደደረሰ ስላወቅሁ ነው። በጋዜጣ ጠቅልዬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«የአንድ ዘመዴ ነው። ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡልኛል?»

«የቅርብ ነው የሩቅ?»

«የሩቅ።»

ጋሽ ቱፋ ካሴቱን ገለባብጠው አዩትና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሌላ አልጠየቁም። በማግሥቱ ስመለስ ቴፑ ተገልብጦ እንዳለቀ መበጠሱን ነገሩኝ፤ የተረፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። «በል ዕቃ አምጣ» አሉኝ። ኪሴ ውስጥ ያገኘሁትን የማርከር ክዳን ሰጠኋቸው። መልሰው ወረወሩልኝ።

«ይሄ የአስተማሪ ነው። የዘፋኟን አምጣ።»

መክፈቻውን አመጣሁ። ሲያዩት ቀዩን ሽቦ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ተለጣፊዋን ከእጀታው በላይ ብረቱ ላይ ለጠፉለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ እላለሁ። ጫጫታ አለ፤ የጠርሙስ ድምፅ አለ፤ አንድ ሰው «ድገሚው!» ይላል፤ እናቴ ትስቅና ትዘፍናለች። ጋሽ ቱፋ ግድግዳው ሥር ሬዲዮኑን ይነካካሉ።

ስገባ እንዴት ነህ ለማለት «አከም ጅርታ፣ የሩቁ?» ብለው በኦሮምኛ ይቀበሉኝ ነበር። የሩቁ ማለት የሩቅ ዘመድ ማለታቸው ነው። እየቀለዱ ነው የሚሉት፤ እኔም እስቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ፊቴ ይግል ነበር።

መታመም ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን ማዳመጫውን አላቀብልም አሉኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ ስሞት ይሄ ነገር እንዴት ይሆናል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ገና ነዎት።»

«ዝም በል ስማኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስም የለም፤ ሁሉም በአሥር ሺህ ዘፈን መሀል ያለ ቁጥር ነው። ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ያቺ ተለጣፊ ብቻ ናት። ዕቃው ከጠፋ እኔ ራሴ አላገኘውም። ስልክህን አምጣና ልጫንልህ።»

«ስልኬን ልጆቹ ይነካኩታል።»

«ቢነካኩትስ?»

«ቢሰሙትስ?»

«ምን ይላሉ? ሴትዮዋ ጥሩ ትዘፍናለች ይላሉ። ደግሞም ትዘፍናለች!»

ማዳመጫውን እንዲሰጡኝ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ቱፋ «ሰው እንዴት በዚህች ድምፅ ያፍራል?» አሉ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያዘኑልኝ ይመስል ነበር የተናገሩት። ከዚያ ማዳመጫውን በሸሚዛቸው ጠርገው ሰጡኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔም ያን ቀን ዘፈኑን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቀብራቸው ላይ አፈር መልሻለሁ፤ ድንኳን ተቀምጫለሁ፤ እንደ ማንኛውም የዕድር አባል። መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃዬን እንዴት አድርጌ እንደማወጣው እያሰብኩ ነበር የተቀመጥኩት። ሱቁ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ያለው ከሐዋሳ በመጣችው ልጃቸው በሌሊሴ እጅ ነው። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ መንገር እችል ነበር። «ከአባትሽ ዘንድ አንድ ዕቃ አለኝ» ማለት ምን ችግር አለው? ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቴም ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

በሣልስቱ ትዕግሥትም አብራኝ መጣች። ድንኳኑ ሞልቷል። ሌሊሴ ከሱቁ ካርቶን አስመጥታ ዕቃዎቹን በዕድሩ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን ጠንካራ ነው።

«አባቴ አደራ ብሎኛል» አለች። «እያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት አለው። የማን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ኮምፒውተሩን ከሣጥኑ ጋር ወደ ሐዋሳ እወስደዋለሁ፤ ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ደውሎ ዕቃውን ይላክልኝ፤ ሣጥኑ ላይ አስቀምጬ ዘፈኑን አውጥቼ እልክለታለሁ። እባካችሁ የየራሳችሁን ውሰዱ።»

ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ካርታቸውን አስቀመጡ። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።

«ምነው?» አለች ሌሊሴ ቀስ ብላ። «አባቴ ሰው አልነበረውም እንዴ?»

ያኔ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። የመቂው ደላላ ነው። ሰው እየገፋ መጣ፣ ገመዱን አነሳ፣ «የእህቴ ነው» አለና በዚያ ድምፁ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ የባጃጁ ሾፌር ተነስቶ መስተዋቱን ወሰደ። አንዲት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ዝቅ ያደረገች ሴት የሹራብ ቁልፏን አነሳች። እነሱ ሲነሱ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር ላላ። አሁን ቀላል ነው አልኩ በልቤ። አሁን ተነስ።

ሌሊሴ መክፈቻውን ከፍ አደረገችው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የአንዱ ሰካራም ይሆናላ!» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ። ሰው ሳቀ። ከሣልስት ድንኳን የማይጠፋ፣ ሐዘንን ቀለል የሚያደርግ ዓይነት ሳቅ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ትዕግሥትም አጠገቤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። «የእናቴ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። ደላላው ብሎታል። እኔ ስብሰባ መርቼ፣ ሺህ ተማሪ ፊት ቆሜ የምናገር ሰው ሁለት ቃል አልወጣኝም።

«የማንም አይደለም?» አለች ሌሊሴ።

«ባለቤት ከሌለውማ እኔ ልውሰደው» አለች ትዕግሥት፤ ሁሌም ነገር እንዲባክን አትወድም። «የእኛ ተሰብሮብናል፤ ለቤት ይሆነናል። ይቻላል አይደል?»

«ውሰጂው እትዬ፤ ምን ችግር አለው» አለቻት ሌሊሴ።

ትዕግሥት ተነስታ ወሰደችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ተገላገልኩ። ዕቃው ወደ ቤቴ እየመጣ ነው፣ ማንም ምንም አላወቀም፤ ነገ ትምህርት ቤት ስሄድ ከመሳቢያው አንስቼ ኪሴ እከተዋለሁ፣ ለሌሊሴ ደውዬ እልክላታለሁ። በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ትዕግሥት ስለ ጋሽ ቱፋ ደግነት ታወራለች፤ እኔም አዎ ደግ ነበሩ እላለሁ።

ቤት ስንደርስ መኝታ ቤት ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ልብሴን ቀየርኩ። ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅና የብረት መፈግፈግ ይሰማኛል። ሳህን እያጠበች መስሎኝ ነበር። ስወጣ ትዕግሥት የዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳለች፤ በአንድ እጇ የሽቦ መፈግፈጊያ፣ በሌላው መክፈቻውን ይዛለች። ቀዩ ሽቦ ተቆራርጦ ቢላዋው አጠገብ ተከምሯል። ተለጣፊዋን ፈለግኋት። ከእሱ ጎን እንደ ተላጠ ሽንኩርት ቆዳ የተጨማደደ ነገር በሳሙና አረፋ ውስጥ ተኝቷል፤ እጄን ሰድጄ ሳነሳው ጣቶቼ መሀል ለሁለት ተከፈለ።

«ጣለው እሱን» አለችኝ። «ምን እንደለጠፉበት እንጃ፣ እንዴት እንዳስቸገረኝ! ሽቦውማ ስንት ዘመን የተጠራቀመ እድፍ ነው ያለው።»

መክፈቻውን በፎጣ አድርቃ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገችው። ብረቱ ያብረቀርቃል።

«አየኸው? አዲስ አስመሰልኩት። አሁን ማን የሰካራም ነው ይለዋል?»

አሁንም ጊዜ ነበረኝ። ድንኳን የለም፣ ዕድር የለም፣ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር ያለን ባልና ሚስት። ዓይኗ ላይ ክፋት የለም። ብነግራት ምናልባት ታለቅስ ነበር፤ ምናልባት ሽቦውን መልሳ ትጠመጥመው ነበር።

«ማንም አይለውም» አልኳት።

ከፍሪጅ ለስላሳ አውጥታ ከመክፈቻው ጋር ሰጠችኝ። «በል ሞክረው።» ራቁቱን የቀረው ብረት መዳፌን ቆረቆረኝ። እናቴ በአንድ እጇ ነበር የምትከፍተው፣ ጠርሙሱን በክንዷ ሥር ይዛ፣ ዘፈኗን ሳታቋርጥ። እኔ በሁለት እጄ ታግዬ ከፈትኩትና ለትዕግሥት ሰጠኋት።